በአጎቴ መንገድ ግራና ቀኝ

ሰው ተተኩሶበት ሲወድቅ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ተኮሰ?» አይደለም፤ «ምን አድርጎ ነው?» ነው።

እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሆነ የገጠር ቀበሌ ሊቀመንበር ወይም የሆነ የወረዳ ሹም ተገደለ የሚል ወሬ ሲመጣ፣ አንዱ ብርጭቆውን እንደያዘ ይጠይቃል፤ ሌላው ሳያስብ ይመልሳል። «መሬት ነክቶ ነው።» «ሰው ጠቁሞ ነው።» «ምላሱ አያርፍም ነበር እኮ!» መልስ ጠፍቶ አያውቅም። ሟቹ ከመቀበሩ በፊት ጥፋት ተፈልጎ ይገኝለታል። ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ ሁሉም ተረጋግቶ ሻዩን ይጨርሳል። እሱ መሬት አልነካም፤ እሱ ሰው አልጠቆመም፤ ስለዚህ እሱ ዛሬም ቤቱ በሰላም ይገባል።

እኔ ያኔ ጥግ ይዤ ዝም ነበር የምለው። በጠባዬ ብዙ አልናገርም። አሁን የምጽፈው ያኔ ያልተናገርኩትን ነው። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም፤ እንዲወጣልኝም አልፈልግም።

የምኖረው ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ተቋረጠ፤ የቀረውን ከተውሶ መጽሐፍና ከስልክ ላይ በራሴ ነው የተማርኩት። ሥራዬ የዛፍ ግምት ነው። እኛ አካባቢ ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ ይተክላል፤ ከሰል የሚከሰልበት ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፣ በሁለተኛው ሣር ይታጨዳል፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ገጥሞ ሲጨልም ከሥሩ ምንም አይበቅልም። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ነጋዴ መጥቶ በቁሙ ይገዛዋል። ነጋዴውና ባለዛፉ ካልተማመኑ እኔን ይጠራሉ። በመስመሩ መሀል እየሄድኩ ግንዱን እለካለሁ፣ የቀጨጨውን እለያለሁ፣ ይህን ያህል ጆንያ ከሰል ይወጣዋል እላለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየተሳሳትኩ ነው የለመድኩት። ዛፍ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው እስከ የት ድረስ እንደሚታየኝ ነው። በገጠመ ዲከረንስ ውስጥ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው አይታይም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም ስለማይርቅ አንተ እያልኩት ነው ያደግሁት። ሊቀመንበር የሆነው ፈልጎ አይደለም። ስብሰባው የተደረገው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ነበር። ከእሱ በፊት ሌሎች ተጠቁመው ነበር። አንዱ ወገቤን ያመኛል አለ። አንዱ እናቴን የማስታምም ነኝ አለ። አንዱ ደግሞ ማንበብ አልችልም አለ፤ ይህ ሰውዬ በየእሑዱ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዳዊቱን ዘርግቶ ሲደግም የምናየው ሰው ነው። ማንም አልሳቀበትም። ከዚያ አንድ ሰው የአጎቴን ስም ጠራ። ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ እጁ ሁሉ ወጣ።

«እሱ ይሁንልን!»

«እሱ ሐቀኛ ነው፤ የሰው አይነካም!»

እናቴ አጠገቤ ሆና በኩራት አለቀሰች። እኔም ለፍቅር ነው ብዬ ነበር። እጁን ያወጣው ሰው ሁሉ የራሱን ልጅና የራሱን ወንድም ከዚያ ወንበር እያራቀ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

«እምቢ ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት ወደ ቤት ስንሄድ።

«አንድ ሰው መሆን አለበት።»

«ታዲያ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«አላየህም እንዴ?» አለኝና ሳቀ። «ጠፍቷል እኮ።»

ከእሱ በፊት የነበረውን ሊቀመንበር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ያ ሰው የወሉን ግጦሽ ቆራርሶ ለአራት ወዳጆቹ ሰጥቷል። መታወቂያ ለማውጣት የሄደ ሰው ዶሮ ሳይዝ አይሄድም ነበር። የተጣላውን ጎረምሳ በሚሊሻ ያሳስርና፣ አባትየው ደጅ ሲጠና ራሱ ያስፈታዋል፤ ይመሰገንበታልም። ቀን ለመንግሥት ሰዎች «እናንተ ባትኖሩ ምን እንሆን ነበር» ይላል፤ ሲመሽ ጫካ ላሉት ታጣቂዎች እንደዚያው ይላል። ሕዝቡ ይረግመው ነበር። አንድም ቀን ግን ድንጋይ የወረወረበት ሰው የለም። አሁን እንጅባራ ከተማ ቤት ሠርቶ፣ የሚከራይ ክፍል ከጎኑ ቀጥሎ፣ ማታ ማታ ሆቴል ቁጭ ብሎ የአውሮፓ ኳስ ያያል። ሳገኘው «እንዴት ነው ዛፉ?» ይለኛል። ደህና ነው እለዋለሁ።

አጎቴ እንደተሾመ ያደረገው አንድ ነገር ነው። የግጦሹን መሬት ከአራቱ ሰዎች ነጥቆ ወደ ወል መለሰው። ማንንም አልሰደበም፣ ማንንም አላሳሰረም። የድሮውን ድንበር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይዞ ሄዶ ድንጋዩን መልሶ አቆመው። በዚያ ቀን ሴቶች እልል ብለውለታል።

ስልኩ የመጣው ድንች በምንቆፍርበት ሰሞን ነው። አብሬው ማሳው ላይ ነበርኩ። እጁ ጭቃ ስለነበረ ድምፁን ከፍ አድርጌ እኔ ያዝኩለት።

«ሊቀመንበር ነህ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ልቀቅ።»

«ምኑን?»

«ሥራውን ልቀቅ። ሁለተኛ አንደውልም።»

ስልኩ ተዘጋ። አጎቴ ስልኩን ትንሽ አየውና ወደ መቆፈሪያው ተመለሰ። ያወጣው ድንች ለሁለት ተቆርጦ ነበር፤ ከደወሉለት በኋላ ያወጣው ሁሉ እየተቆረጠ ነው የወጣው።

በማግስቱ ወደ ወረዳ ሄዶ ተናገረ። እዚያ ያለ አንድ ኃላፊ «ብትለቅማ ከእነሱ ጋር ነህ ማለት ነው፤ እኛም እናስብበታለን» አለው። እየሳቀ ነው ያለው። አጎቴ ጠባቂ ቢጠይቀው «ለእኛስ መች ተረፈ?» ብሎ መለሰለት። ኃላፊው ይህን ሲል በሩ ላይ ሁለት የታጠቁ ሰዎች ቆመው ነበር። አጎቴ ሲወጣ በትሕትና እጅ ነሥተውታል።

ያን ጊዜ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ስለ ተገደሉ መሪዎች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ኔትወርክ ሲመጣ በስልኬ አወርዳለሁ፣ ሲጠፋ ያወረድኩትን እደግማለሁ። ለምን አንዱ ይገደላል፣ ሌላው አልጋው ላይ አርጅቶ ይሞታል? አንዱ ጸሐፊ የሚገደለው ጨቋኝ ነው ይላል። የእኛ ጨቋኝ እንጅባራ ኳስ እያየ ነው። ሌላው የሚገደለው ትልቅ ለውጥ ያመጣ ነው ይላል። አጎቴ ያመጣው ለውጥ ድንጋይ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ሌላው ጥበቃው የላላበት ነው ይላል፤ ይህኛው ትንሽ ቀረብ ይላል፤ ግን የሚያወራው በመኪና አጀብ ስለሚሄዱት ነው። አጎቴ የሚሄደው በእግሩ፣ በጎማ ቦት ጫማ፣ ክርኑ ላይ ጃንጥላ አንጠልጥሎ ነው።

መጽሐፎቹን ዘግቼ የራሴን ሥራ ሠራሁ፤ መገመት። ከግጦሹ መሬት የተነሡት አራት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ያጡትን በደንብ ያውቁታል፤ ጠዋት ተነሥተው ከደጃቸው ያዩታል። ያገኘው ደግሞ መላው ቀበሌ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት የደረሰው ለአንዲት ላም የሚሆን ሣር ነው። ለአንዲት ላም ሣር ብሎ ማን ከጠመንጃ ፊት ይቆማል? የበፊቱ ሊቀመንበር ቢሞት ስንቱ ሰው ይጎዳ ነበር! መሬት የሰጣቸው፣ ልጅ ያስቀጠረላቸው፣ ውለታ የዋለላቸው፣ ነገ ይውልልናል ብለው የሚጠብቁት ሁሉ። አጎቴ ለማንም የማይገባውን ሰጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ቢሞት የሚጎድልበት ሰው የለም፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ከእኛም በቀር። ተኳሹ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከአራቱ አንዱ ነው አልልም። የምለው ማንም ይሁን ማን፣ ይህን ሒሳብ ከእኔ ቀድሞ ሠርቶታል ነው።

መንገዱንም ተመለከትኩ። አጎቴ ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም፣ ሌላው ረግረግ ነው። ልገድለው ብፈልግ የት እቆማለሁ ብዬ መንገዱን ሄድኩበት። ብዙ አላስቸገረኝም። መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ ግራና ቀኙ ዲከረንስ ነው፤ ዛፉ ከመንገዱ ጠርዝ ይጀምራል። እዚያ የቆመ ሰው የሚያልፈውን ሰው ጃንጥላ በእጁ ሊነካው ይችላል። ከግራም ከቀኝም አንድ ሃያ እርምጃ ያህል ቢጸዳ ግን፣ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ መሮጥም መጮህም ይቻላል።

የሁለቱም ወገን ዛፍ የአጎቴ አበልጅ ነው። የአጎቴን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። በዓመት በዓሉ አብረን ነው የምንበላው። ስለዚህ ቀላል መስሎኝ ሄድኩ። አጥራቸውን እየጠገኑ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ቀርቀሃውን መሬት ላይ አስቀምጠው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ለአበልጄ? ለአበልጄ እኔ ሕይወቴን እሰጣለሁ!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ።

«ሕይወትዎን አልጠየቅንም ጋሼ» አልኳቸው። «ዛፍ ነው የጠየቅን።»

«እሱማ ገና ልጅ ነው እኮ። ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አንተ ገማች ነህ፤ ዛሬ ቢቆረጥ ምን ይወጣዋል? ንገረኝ እስቲ!»

«ምንም አይወጣውም። ጭራሮ ነው።»

«በል እንጅ! ራስህ ተናገርህ።»

«ሰው ግን ይተርፍበታል።»

«ሰውን የሚያተርፍ እግዜር ነው ልጄ። ሚካኤል ይጠብቀዋል። እኔ በየወሩ በስሙ እጸልያለሁ።» ከዚያ ወደ ቤት ገብተው አንድ ድስት እርጎ አመጡልኝ። «ይህን ለአበልጄ ስጥልኝ፤ ወድጄ ነው በለው።»

እርጎውን ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ልደፋው አስቤ ነበር፤ የልጆቹን ነገር አስቤ ተውኩት።

ሁሉም እንዲያ ነበር። እግዜር ይጠብቅህ የማይለው ሰው አልነበረም። ጎረምሶች ተራ ገብተን እናጅበዋለን ብለው ተማማሉ። መጀመሪያ ሰሞን አምስት ስድስት ሆነው በዱላ አጀቡት፣ ቀጥሎ ሦስት ሆኑ፣ የእርሻ ወቅት ሲገባ ማንም አልመጣም። ለምን ቀረህ ብዬ አንዱን ብጠይቀው «እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እሱም ሰው ነው። ያናደደኝም እሱ ነው፤ ያኔ እጁን ሲያወጣ አጎቴም ሰው መሆኑን አላሰበውም።

ሰኔ ሚካኤል ዕለት ዛፉን ቆረጥኩት።

ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው። በዚያ ቀን ማሳ ላይ ሰው አይውልም፤ አበልጅየውም ሌላውም ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከዚያም ማኅበር ቤት ነው። በበዓል ቀን ሥራ መሥራት በእኛ አገር ከባድ ነገር ነው። በዓል የሻረ በረዶ ያመጣል ይባላል፤ በረዶ ደግሞ የአንድን ሰው ማሳ ለይቶ አይመታም፤ ስለዚህ የሻረውን የሚቀጣው መላው ቀበሌ ነው። ይህን እያወቅሁ መጥረቢያዬን ይዤ ሄድኩ። የሁለት ዓመት ዲከረንስ ከክንድ አይወፍርም፤ በሁለት ምት ይወድቃል። ደወሉ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። በመስመሩ ቀጥ አድርጌ፣ ጉቶውን እኩል እያደረግሁ ቆረጥኩ፤ ከሃያ እርምጃ አላለፍኩም፣ አንድም ዛፍ በትርፍ አልነካሁም። የተቆረጠውን ለባለቤቱ በሥርዓት ቆለልኩለት። አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እቆርጠዋለሁ።

በዚያው ሳምንት በረዶ ጣለ።

በሰኔ በረዶ ያልጣለበትን ዓመት አላስታውስም። ግን ምን ዋጋ አለው? ሰኞ ዕለት ቀበሌው በሙሉ ሣሩ ላይ ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ወገቤን ያመኛል ያለው መጥቷል፣ እናቴን አስታምማለሁ ያለው መጥቷል። ከቆላ ለገበያ መጥተው የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ምን ተፈጠረ ብለው ቆመው ያዩ ነበር። አጎቴ «ተከሳሹ ዘመዴ ነው» ብሎ ከዳኝነቱ ወንበር ተነሥቶ በቦታው ሽማግሌዎቹን አስቀመጠ።

«ድንቼን ደበደበው!» አለች አንዲት ሴት። «ሚካኤልን ሽሮ እኛን አስበላን!»

«ገማቹ፣ እስቲ በረዶውን ገምትልን!» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ። «ስንት ጆንያ ይወጣዋል?»

ሰው ሳቀ። አበልጅየው ተነሥተው ስለ ዛፋቸው ተናገሩ፤ እንደ ልጅ ያሳደግሁት አሉ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። የማስመሰል አልነበረም፤ በእርግጥ አዝነዋል።

የምትለው አለ ወይ ተባልኩ። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ግን ተነሣሁ።

«እንገድልሃለን ብለው ሲደውሉለት ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር?» አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው ልጄ። ዛሬ የተያዘው የዛፍና የበዓል ነው።»

«ለዛፍ ተሰብስባችሁ ለሰው…»

«ሌላ ጉዳይ ነው ተባልህ እኮ! ተቀመጥ!»

ተፈረደብኝ። በዓል ስለሻርሁ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ፤ ዛፍ ስለቆረጥሁ ሐምሌ ሲገባ በቆረጥሁበት ላይ በራሴ ችግኝ መልሼ መትከል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አጎቴን «ሊቀመንበር፣ አንተስ?» አሉት። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አንድ ቃል ቢናገርልኝ ይሰሙት ነበር።

«ዛፉ የእሳቸው ነው» አለ አጎቴ። «ያለ ፈቃዳቸው ተቆርጧል። ይተክላል።»

ሲመለስ አብሬው ሄድኩ። ያጸዳሁት ቦታ ስንደርስ ቆመ፤ ግራና ቀኙን አየ።

«ጥሩ ነው የቆረጥኸው» አለኝ። «ቀጥ ብሏል።»

«ታዲያ ለምን ፈረድህብኝ?»

«ምን ልል ኖሯል?»

«ይኸው! ምን እንደምትል ሁሉም ያውቃል። በየት እንደምትሄድ ያውቃል፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ያውቃል፣ ሲያስፈራሩህ እንደማትለቅ ያውቃል፣ ለእህትህ ልጅ እንኳ እንደማታደላ ያውቃል። የበፊተኛው ነገ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቅ ነበር? ራሱስ ያውቅ ነበር? ለሁሉም እሺ ይል ነበር፤ ሁሉም ነገ ይጠቅመናል ብሎ ተወው።»

«እንዲያ ልሁንልህ?»

«ሁንልኝ።»

«ደስ ይልሃል?»

«በሕይወት ብትኖር ደስ ይለኛል።»

ጃንጥላውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረ። «አልችልበትም» አለ። እንደ ሰበብ ነው ያለው፤ መዋኘት አልችልም እንደሚል ሰው።

ሐምሌ ላይ ተከልኩ። ዝናቡ በላዬ ላይ እየወረደ፣ አበልጅየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ርቀቱን እያዩ፣ አንድ በአንድ ተከልኩ። ጠማማ ያለ መስመር አላገኙብኝም።

አጎቴ የተመታው መስከረም ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ እያለ። የሆነውን ከእሱ አፍ ነው የሰማሁት፤ ብዙ ጊዜ አስደግሜዋለሁ። ከጽሕፈት ቤቱ ሲመለስ አንድ ሰው ካልተቆረጠው ዛፍ ውስጥ ወጣ። መልሼ የተከልኩት ችግኝ ገና ከጉልበት በታች ስለነበር ያጸዳሁትን ባዶ ቦታ ማቋረጥ ነበረበት፤ ስለዚህ አጎቴ ከሩቅ አየው። ጋቢ ተከናንቧል። መሮጥ ይችል ነበር፤ መጮህ ይችል ነበር። ያን ቦታ ያጸዳሁትም ለዚያ ነበር።

እሱ ግን ሰላም አለው።

ሰው ካየህ ሰላም ትላለህ፤ በእኛ አገር ሰላም ሳይባባሉ መተላለፍ ነውር ነው። አጎቴ ቆሞ በቋንቋችን በአውኚ እንደምን ዋልህ አለው። ሰውየውም ቆመ። በአውኚ እግዚአብሔር ይመስገን አለው። ቀጥሎም ሰውየው ጠየቀ፦ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ? ደህና ነው። ከብቱስ? ደህና ነው። አጎቴም መልሶ ጠየቀው፤ ሰውየው አንዱንም ሳያስቀር መለሰ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ጋቢውን ገልጦ ተኮሰ። ጥይቱ ትከሻውን መታው፤ አጎቴ መንገዱ ዳር ካለው ቦይ ወደቀ፤ ሁለተኛው በላዩ አለፈ። ድንች ማሳ ላይ የነበሩ ሰዎች ሲጮሁ ሰውየው ወደ ዛፉ ተመለሰ። አልሮጠም አለኝ አጎቴ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የሚገድሉት ከሌላ አገር የሚመጡ ናቸው ስንል ነበር። በአውኚ ነው የመለሰለት፤ የእኛን አገር ሰላምታ ከነሙሉ ሥርዓቱ ነው የመለሰለት። «ታውቀዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው «አላውቀውም» አለኝ። እንደማላምነው ያውቃል፤ ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ዛፉን ባልቆርጥ ኖሮ ጃንጥላው ሥር ሆኖ ነበር የሚተኩስበት። ይህን ማንም አልተናገረም። በቃሬዛ ተሸክመን አስፋልት አደረስነው፣ ከእንጅባራ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ፣ ተረፈ። አሁን ጫግኒ ሌላዋ እህቱ ዘንድ ነው። ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ አይነሣም። ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም።

እሱ ሆስፒታል እያለ አንድ ቀን ያቺ ሻይ ቤት ገባሁ። ወሬው ተጀምሮ ነበር።

«ምን አድርጎ ነው?» አለ አንዱ።

«የዘመዱን ጥፋት ሸፍኖ ነው አሉ» አለ የማላውቀው ሰው። «ዘመድየው የድሀ ዛፍ ጨፍጭፎ፣ እሱ ሊቀመንበር ስለሆነ ዝም አሰኝቶለት።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «ሰላም ብሎ ነው» አልኩ።

«እ?»

«ያደረገው እሱን ነው። ሰው አይቶ ሰላም ብሎ ነው።»

ዞረው አዩኝ። አንዱ ያበድኩ መሰለው መሰለኝ ወንበሩን ሳብ አደረገ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ገብቼ አላውቅም።

ጥቅምት ላይ አዲስ ሊቀመንበር ለመምረጥ ሣሩ ላይ ተሰበሰቡ። እኔ አልሄድኩም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። ያው ወገብ ታመመ፣ ያው ማንበብ ጠፋ። አበልጅየው እንደ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው «ኧረ ወንድ የለም ወይ?» እያሉ ሲቆጡ፣ አንዱ ተነሥቶ «እርስዎ ይሁኑልን፤ እርስዎ የተከበሩ ነዎት» አለ። እጁ ሁሉ ወጣ። እምቢ ሊሉ ቢነሡም እልልታው አላሰማቸውም።

በሳምንቱ ከቤቴ መጡ። እርጎ አላመጡም። ደጃፉ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«ደወሉልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልቀቅ ነው የሚለኝ። ወረዳ ብሄድ…»

«ለእኛስ መች ተረፈ አለዎት።»

«ማን ነገረህ?»

«አጎቴንም እንዲያ ነበር ያሉት።»

«ያን ቦታ አስጸዳሁት» አሉ ቀና ብለው ሳያዩኝ። «አንተ የተከልኸውንም ነቀልሁት። ወደ ውስጥም ገባ ብዬ ቆረጥሁ፤ አንተ ካልኸው በእጥፍ። ግን አሁን በየዛፉ ሥር ሰው የቆመ እየመሰለኝ ነው። መንገዱን አብረኸኝ ሄደህ የትኛው እንደሚያሰጋ አሳየኝ። አንተ ታውቃለህ።»

ሂዱልኝ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሚካኤል ይጠብቅዎታል ልላቸውም አስቤ ነበር፤ እንዲያ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እሺም እምቢም ሳልል ወደ ጓሮ ዞሬ አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኩት። እንዲስቅ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

«ሂድና አሳያቸው» አለኝ።

«እሳቸው ላንተ…»

«አውቃለሁ ያሉትን። ልጆች አሏቸው። ሂድ።»

ሄድኩ። ንዴቴን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ሥራዬን ግን አላጎደልኩም። ከጽሕፈት ቤቱ ጀምረን መንገዱን በዝግታ ሄድንበት፤ ሰው ሊቆምበት የሚችለውን ሁሉ እየቆምኩ አሳየኋቸው።

«ይኼም ይቆረጥ?»

«ይቆረጥ።»

«ይኼ የወንድሜ ነው እኮ። ገና ዘንድሮ የገጠመ ነው። እሺ አይለኝም።»

«ይጠይቁት።»

«ሕይወቴን እሰጥሃለሁ ይለኛል እንጅ…» አሉና አቋረጡት። ፊታቸው ደም መሰለ። እኔም አላገዝኳቸውም፤ ንግግሩን ይጨርሱት እንደሆነ ቆሜ ጠበቅኋቸው። አልጨረሱትም።

ቤታቸው ስንደርስ በራቸው አጠገብ ያለውን የቀርቀሃ ጥቅጥቅ አሳየኋቸው። አባታቸው የተከሉት ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከዚያ ውስጥ ሰው ቢቆም ደጃፋቸው ላይ ሲቀመጡ ያያቸዋል።

«ይኼም?» አሉ።

«ይኼም።»

አንዱን ቀርቀሃ በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ «ይህን ሁሉ ካደረግሁ ይተዉኛል?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ገብተው መጥረቢያ ይዘው ወጡ። ለእኔ ሊያቀብሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«እርስዎ ይቁረጡ» አልኳቸው፤ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ። «እኔ ማሳየት ነው የተላክሁት።»